የቢጫው ገመድ ታሪክ

ሰው ቤት ስትጋበዙ ቴሌቪዥኑን ከፊት ለፊት ማየት ይቅርባችሁ። የቤቱ እመቤት ቡናውን ልታቀራርብ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቁና አንገታችሁን አስግጋችሁ ከኋላው ተመልከቱት። ከፊት ባለ 55 ኢንች ሊሆን ይችላል፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ከኋላ ግን አቧራ የጠጣ የገመድ ጥልፍልፍ ነው። ከጥልፍልፉ መሀል አንድ የማይጠፋ ዘመድ ታገኛላችሁ፤ ቀይና ነጭ ወንድሞቹን ይዞ የተሰካ፣ ጫፉ ቢጫ የሆነ ገመድ። ቴሌቪዥኑን በዕድሜ ይበልጠዋል። ሦስት ቴሌቪዥን ቀብሮ አራተኛው ላይ የደረሰ ሁሉ አለ።

በእኛ አገር የሳሎን ሲኒማ ታሪክ ሲወራ የሚወራው የሣጥኑ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ባለ እግሩ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ ቀጥሎ ዴክ፣ ቀጥሎ ቪሲዲ፣ ዲቪዲ፣ ዲሽ፣ "ሆም ቴአትር"፣ ፍላት ስክሪን… ሣጥን በሣጥን ላይ። ገመዱን የሚያነሣው የለም። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ያየነው ምስልና የሰማነው ድምጽ የገዛነውን ሣጥን ያህል ጥሩ ሆኖ አያውቅም፤ የሰካነውን ገመድ ያህል ነው የነበረው። ይህን ለማስረዳት ከመርካቶ ሳይሆን ከዶርዜ ልነሣ።

ለምን ዶርዜ? ምክንያቱም ዶርዜ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በሸማውና በዘፈኑ። ሸማው ጥቃቅን ጥለት ነው። ዘፈኑ ብዙ ድምጽ ነው። አንድ መጥፎ ገመድ ቀድሞ የሚያበላሸውም በትክክል እነዚህን ሁለቱን ነው። ቀስ ብለን እንሂድ።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታች አባያና ጫሞ በእግዜር ድልድይ ተለያይተው ተኝተዋል፤ ላይ ቀርከሃ፣ እንሰት፣ ጉምና ብርድ። ጨንቻ ሳትደርሱ ዶርዜ አለላችሁ። አዲስ አበቤ ዶርዜን የሚያውቀው በሸማኔው ነው፤ ያውም አስተካክሎ አያውቀውም። ከጋሞ ደጋ የመጣውን ሸማኔ ሁሉ፣ ከየትኛውም ቀዬ ይምጣ፣ "ዶርዜ" ብሎ ጠርቶ ተገላገለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ወደ አዲሲቷ ከተማ የወጡት እነዚህ ሸማኔዎች ናቸው ሽሮ ሜዳን ዛሬ የምናውቃት ሽሮ ሜዳ ያደረጓት። ጥምቀት ሲደርስ ጥለት ለማማረጥ የምትወጡባት ማለቴ ነው።

ዘፈኑን ግን ከከተማው ሰው ብዙው አያውቀውም። በሰሜኑና በመሀሉ አገር በቡድን ስንዘፍን አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ተቀባዩ ሁሉ ግን አንዲት ዜማ ነው የሚቀበለው። ዶርዜዎች ዘንድ እንዲህ አይደለም። አንዱ ዜማውን ይዞ ሲሄድ ሌላው ከላይ በቀጭን ድምጽ ይቆርጠዋል፣ ሦስተኛው ከታች ሌላ ነገር ይደጋግማል፣ የቀረው ደግሞ መሬት የሚነካ ድምጽ ይዞ ይቆማል። እያንዳንዱ የራሱ መንገድ አለው፤ ዘፈኑ ያለው በመንገዶቹ መገናኛ ላይ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.)፣ አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን፣ በርናር ሎርታ ዣኮብ የሚባል ፈረንሳዊ የሙዚቃ ተመራማሪ እዚያ ወጥቶ ይህን ቀረጸ። ቅጂው በ1977 እ.ኤ.አ. "ሌ ሻን ዱ ሞንድ" በተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ በኩል በሸክላ ወጣ። እንግዲህ ፓሪስ ያለ ሰው፣ ሁለት ጥሩ ስፒከር ካለው፣ የዶርዜን ዘፈን አዲስ አበባ ካለው ሰው አሳምሮ መስማት የቻለበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

(ፈረንሳዮች ዶርዜን ይወዷታል። ከሎርታ ዣኮብ ቀደም ብሎ የሄደው ዳን ስፐርበር ዶርዜዎች "ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል" እንዳሉት ጽፏል። ከብቶቻቸውን ግን ረቡዕና ዓርብም ከነብር ይጠብቃሉ። ስፐርበር በዚህ ላይ ትልቅ ፍልስፍና ገነባ። እኔ ግን የአዲስ አበባን ሰው አየሁበት፤ ስታብላይዘር ገዝቶ እያመነው፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ሮጦ ሶኬቱን የሚነቅለውን።)

"ሁለት ጥሩ ስፒከር ካለው" ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። አላን ብሉምላይን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. ገደማ ከሚስቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ሳለ ተዋናዩ በስክሪኑ ግራ ቆሞ ድምጹ ከሌላ ቦታ ሲመጣ አናደደው ይባላል። ለሚስቱ "ይህን የማስተካክልበት ዘዴ አለኝ" አላት አሉ። የዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ ዛሬ ስቴሪዮ ለምንለው ነገር መሠረት የሆነውን የፈጠራ ማመልከቻ አስገባ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለት ጆሮ ስላለን ድምጽ ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ ስለዚህ ሁለት መንገድ ካልተሰጠን ቦታው ይጠፋል። በ1953 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮሊን ቼሪ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ብዙ ሰው በሚያወራበት አዳራሽ ውስጥ አንዱን ለይተን መስማት የምንችለው እንዴት ነው ብሎ መረመረ። ድምጾቹ ከተለያየ ቦታ ሲመጡ ጆሮ በቀላሉ ይለያቸዋል። ሁሉንም በአንድ ቀዳዳ ብታወጧቸው ግን መለየቱ ትግል ይሆናል።

አሁን የዶርዜውን ዘፈን አስቡት። በአደባባይ ክብ ሠርተው ሲዘፍኑ መሀል ብትቆሙ ላይኛው ከቀኝ፣ ታችኛው ከኋላ፣ አውጪው ከፊት ይመጣላችኋል። ሰራውንድ ይኸው። ከአምስት ስፒከር በፊት፣ ከዶልቢ በፊት፣ መብራት ራሱ ከመምጣቱ በፊት። ይህንኑ ዘፈን በአንዲት ስፒከር አጭቃችሁ ስታወጡት ምን ይቀራል? ጩኸት። "የደቡብ ዘፈን ጩኸት ይበዛበታል" እያሉ ያደጉ ስንት የከተማ ልጆች አውቃለሁ። ዘፈኑን ሰምተው አያውቁም፤ የሰሙት ስፒከሯን ነው።

ስፒከሯ ከየት መጣች? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ነው። ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለም የመጣው ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ አሥረኛው የአብዮት በዓልና የኢሠፓ ምሥረታ በተከበሩበት ሰሞን፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። (ረሀቡ አገሩን በሚያጋይበት ዓመት የቀለም ቴሌቪዥን። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ እለፉት።) ቀለሙ የመጣው በጀርመኑ ቴሌፉንከን፣ በቫልተር ብሩክ አማካይነት በተሠራው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነበር፦ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። ድምጹ ግን አንድ መንገድ ብቻ። የብሔረሰቦች ዘፈን በቴሌቪዥን ሲቀርብ ሃያ ዶርዜ ጦርና ጋሻ ይዞ ሲዘፍን ታያላችሁ፤ የሃያውም ድምጽ ከሣጥኑ ጎን ካለች የሻይ ሰሃን ከምታህል ስፒከር ይወጣል። በላይዋ ላይ ደግሞ እማማ የሠሩት ዳንቴል ተነጥፎባታል።

ከዚያ ዴክ መጣ። የጃፓኑ ጄቪሲ ቪኤችኤስን ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ሰፈር የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው። ዴክ ያለው ቤት የሰፈሩ ሁሉ ቤት ነበር። ቪዲዮ ቤቶቹም ተከተሉ፤ የሕንድ ፊልም በጠዋት፣ ካራቴ ከሰዓት። አርባ ምንጭም እንደ አዲስ አበባው ነው፤ ጨለማ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ መጋረጃ፣ በር ላይ የሚጮህ ልጅ።

የመጀመሪያው አሰካክ ምን እንደሚመስል ታስታውሳላችሁ? ዴኩ በአንቴናው ገመድ ነበር የሚገናኘው። ማለትም ምስሉንና ድምጹን አንድ ላይ ጠቅልሎ ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ መስሎ ይልከዋል፤ ቴሌቪዥናችሁ ደግሞ ያንን "ጣቢያ" ቻናል 36 አካባቢ ፈልጎ ያገኘዋል። ተጠቅልሎ ተፈታ። በመጠቅለሉ ይጎድላል፣ በመፍታቱ ይጎድላል፣ ድምጹም አንድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቢጫው ገመድ ሲመጣ ጀግና ሆኖ ነው የመጣው። ምስሉ ሳይጠቀለል በቢጫው፣ ድምጹ በነጭና በቀይ፣ ነጩ ግራ ቀዩ ቀኝ። በረዶው ጠፋ። ያኔ ቢጫውን የሰካ ሰው የሰፈሩ መሐንዲስ ነበር።

ጀግናው ግን ጉድለት አለበት። ቢጫው ገመድ ብርሃኑንና ቀለሙን በአንድ ሽቦ ነው የሚያመጣቸው። ቴሌቪዥኑ እነሱን መልሶ መለየት አለበት፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። በተለይ በጣም ቀጭን፣ የተጠጋጋ መስመር ሲያይ ይምታታበታል፤ ጥለቱን ቀለም ነው ብሎ ያስባል። ጥሩ ነጠላ የለበሰች ሴት ስክሪኑ ላይ ስትንቀሳቀስ ጥለቷ ላይ የሌለ ቀስተ ደመና ሲርመሰመስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነጭ ሸማ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ሲተፋ? እሱ ነው። የዜና አንባቢዎች ቀጫጭን መስመር ያለው ልብስ እንዳይለብሱ ይመከሩ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሸማኔው ሳምንት ሙሉ የቆጠረውን ድርና ማግ ገመዱ ሊቆጥረው አልቻለም። መፍትሔው በ1980ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ተገኝቶ ነበር፤ ብርሃኑንና ቀለሙን በሁለት ሽቦ የሚለይ ኤስ ቪዲዮ የሚባል ክብ ጃክ። ቀጥሎም በሦስት የሚለየው፣ አረንጓዴ ሰማያዊ ቀይ ጫፍ ያለው ኮምፖነንት። ብዙ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ከኋላቸው ይዘውት መጥተዋል። ማን ሰካው? ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ቢጫው ነዋ!

ከዲሲ የሚመጣው ካሴትም የራሱ ጣጣ ነበረው። አክስት ሠርጓን ቀርጻ ትልካለች። ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ ፈንዲሻ ይፈነዳል፣ ካሴቱ ይገባል… ሙሽራዋ ጥቁርና ነጭ ሆና ከላይ ወደ ታች ትንከባለላለች። ጠባዩ ነው፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና በሰከንድ 30 ገደማ ምስል ነው፤ የእኛው ዴክና ቴሌቪዥን ፓል ብቻ ነው የሚገባው። "መልቲ ሲስተም" የሚባለው ዴክ ዋጋው ሰማይ የነካው ለዚህ ነው። ስንት ቤት የአክስቱን ሠርግ ሳያይ ቀረ! ካሴቱ ግን አልተጣለም፤ ቡፌው ሥር አለ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በትምህርት ቤት በኩል የመጣውን ደግሞ የእኔ ዘመን ልጆች አትረሱትም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ፣ በጥድፊያ። ስለ ማስተማሩ የየራሳችን ቁስል አለን። ስለ ምስሉ ግን እውነቱ ይነገር፦ ቤቱ ባለ 14 ኢንች ለነበረው ልጅ በሕይወቱ ያየው ምርጥ ምስል የፊዚክስ ትምህርት ነበር። በገጠር ላለው ልጅ ደግሞ ምናልባት የመጀመሪያው ቴሌቪዥን። መብራት ሲኖር ነው ታዲያ።

ስለ ዲሽ ባጭሩ። ለረጅም ጊዜ ዲሾቻችን ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ናይልሳትን ይጠብቁ ነበር። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ሆናችሁ ስታዩት ከአድማስ 38 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሹን አዞረ። ወደ ምሥራቅ፣ ቀናም ተደርጎ፣ ከአርባ ምንጭ 66 ዲግሪ ገደማ። ይህ ለዝናባም ደጋ ጥቅም አለው፤ ሌላው ነገር እኩል ከሆነ፣ ቀና ብሎ የሚመጣ ሞገድ በዝናቡ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ አጭር ነው። ግን ስንቱ ዲሹን አዙሮ፣ አዲስ ሪሲቨር ገዝቶ፣ ሪሲቨሩን በምን ሰካው? ገምቱ።

አሁን ወደ ዋናው ኮሜዲ። "ሆም ቴአትር"።

በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከመርካቶ አንድ ትልቅ ካርቶን ይገዛል። ውስጡ አንድ ዲቪዲ ማጫወቻ፣ አምስት ትናንሽ ስፒከሮች፣ አንድ ወፍራም ሳብዉፈር። አሳቡ የዶርዜው ክብ ነው፤ ሁለቱ ከፊት ግራና ቀኝ፣ አንዱ ከስክሪኑ ሥር መሀል ላይ ለንግግር፣ ሁለቱ ከሰሚው ጎንና ጎን ወይም ከኋላ። በእኛ ሳሎን ግን አምስቱም ቡፌው ላይ ይደረደራሉ። በቁመታቸው ቅደም ተከተል። እንደ ብርጭቆ! የኋላዎቹ ገመድ ሶፋውን ዞሮ ሲሄድ ያስጠላል፣ ልጅ ይጎትተዋል፣ እንግዳ ይደናቀፋል፤ ይገባኛል። ግን ክብ ሠርተው የሚዘፍኑ ሰዎችን ግድግዳ አስደግፎ በሰልፍ ማቆም ነው የሆነው።

ደግሞ በአምስቱም ስፒከር የሚጮኸው ነገር ብዙውን ጊዜ ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው። ቪሲዲ ድምጹ ስቴሪዮ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። አሥርና አሥራ ሁለት ፊልም በአንድ ላይ የታጨቀባቸው ዲቪዲዎችም አብዛኞቹ ያው ናቸው። እውነተኛው 5.1፣ ማለትም ዶልቢ በ1992 እ.ኤ.አ. "ባትማን ሪተርንስ" ላይ ሲኒማ ያስገባው፣ በዋናው ዲስክ ላይ ቢኖር እንኳ፣ ማጫወቻውና አምፕሊፋየሩ ለየብቻ የተገዙ ከሆነ በቀይና በነጩ አያልፍም። በኦፕቲካል ወይም ጫፉ ብርቱካናማ በሆነው የዲጂታል ድምጽ ገመድ ነው የሚያልፈው። እዚህ ላይ ለቢጫው ወዳጃችን አንድ መልካም ዜና፦ ብርቱካናማው ሶኬትና ቢጫው ገመድ ጠባያቸው አንድ ነው። ብርቱካናማ ገመድ ካጣችሁ ቢጫውን እዚያ ሰክታችሁ ለድምጽ አሠሩት። በምስል ጡረታ የወጣ፣ በድምጽ የተቀጠረ።

ከሁሉም የከፋው ግን የስፒከር ሽቦ ነው። እያንዳንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር መያዣ አለው። አንዱን ስፒከር በትክክል፣ ሌላውን ገልብጣችሁ ካሰራችሁት አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምጽ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሰውየው "ቤዙ ደካማ ነው" ብሎ ሳብዉፈሩን ይከፍታል፣ ጎረቤት ይጮኻል፣ ችግሩ ግን የሁለት ብር ሽቦ ነበር። የምታውቁበት መንገድ፦ ሁለቱን ስፒከር ፊት ለፊት አጠጋጉና አንድ ነገር አጫውቱ፣ ከዚያ የአንዱን ሽቦ ገልብጡ። ድምጹ የሚሞላው የቱ ጋ እንደሆነ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። በዶርዜ ዘፈን ብትሞክሩት ይበልጥ ይለያል፤ ከታች ያለውን ድምጽ የያዙት ሰዎች ሲሄዱና ሲመለሱ ትሰማላችሁ።

ስለ ክፍሉም አንድ ነገር ልበል። የዶርዜ ቤት ቀርከሃ ተጎንጉኖ፣ በእንሰት ቅጠል ለብሶ፣ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ነው። ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል። ከሥሩ ምስጥ ሲበላው እየተቆረጠ ያጥራል እንጂ አይፈርስም፤ ተሸክመው ቦታ የሚቀይሩለት ጊዜም አለ። ለድምጽ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ሆኖም ፊት ለፊት የሚተያይ ጠፍጣፋ ግድግዳ የለውም፤ ሽፋኑም ድምጽ ይጠጣል። የድምጽ ሰዎች ስቱዲዮ ሲሠሩ ገንዘብ አውጥተው የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። የእኛ ኮንዶሚኒየም ግን አራት የተለሰነ ብሎኬት፣ ሴራሚክ ወለል፤ እጃችሁን ብታጨበጭቡ ይመልስላችኋል። የቆርቆሮ ጣራ ያለበት ቤትማ በሐምሌ ማንኛውንም ሆም ቴአትር ዝናቡ ያሸንፈዋል። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ከአዲስ ስፒከር የበለጠ ይረዳል። ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ጋቢ ግዙና ከሶፋው ኋላ ያለውን ባዶ ግድግዳ አልብሱት፤ አልቀለድኩም።

ኤችዲኤምአይ የመጣው በ2002 ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ምስልና ድምጽ በአንድ ገመድ፣ ግን እንደ ድሮው ተደበላልቆ ሳይሆን በቁጥር ተለይቶ። ብዙ ቤት ሪሲቨሩም ቴሌቪዥኑም ሶኬቱ አላቸው፣ ሁለቱም በቢጫ ነው የተገናኙት። ዲሹ የሚያመጣውን ጥሩ ምስል ሪሲቨሩ ለቢጫው ሲል ወደ ድሮው 576 መስመር ያወርደዋል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ እሱን መልሶ ይለጥጠዋል። መለጠጥ ካልኩ፣ የድሮው ምስል ስፋት ለቁመት 4 ለ 3 ነበር፣ ያሁኑ ስክሪን 16 ለ 9 ነው። "ስክሪኑ ይሙላልኝ" ብላችሁ ስትለጥጡት ሰዉ ሁሉ በሲሶ ይወፍራል። የዶርዜን ቤት እንዲህ ተለጥጦ አይቼዋለሁ፤ ያ ዘለግ ያለ ዝሆን የተቀመጠ ጉማሬ ሆኗል። ሪሞቱ ላይ የምስል ቅርጽ መቀየሪያ አለ፤ ጎንና ጎኑ ጥቁር ይሁን፣ ምን ቸገራችሁ።

ስለዚህ ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ ስኩ፤ አምፕሊፋየር ወይም ሳውንድባር ካላችሁ ቴሌቪዥኑ ላይ "ኤአርሲ" ከተጻፈበት ሶኬት ወደ እሱ ሌላ ኤችዲኤምአይ ዘርጉ፤ ድምጹ በዚያ ይመለሳል። ሪሲቨሩ ውስጥ ገብታችሁ የምስሉን መጠን አስተካክሉ፤ ገመዱ ተቀይሮ ቅንብሩ የድሮው ላይ የቀረበት ቤት ብዙ ነው።

ቃል የገባሁት ቡፌ ሥር ያሉት ካሴቶች ጋ መድረሴ ነው።

የጋሞ ሰው የትም ይሥራ የት ለመስቀል ወደ ቤቱ ይወጣል። "ዮ ማስቃላ" ዘመን መለወጫው ነው፤ ሽሮ ሜዳ ያደግን ሰዎች በዚያ ሰሞን የሸማ ዕቃው ዝም ማለቱን እናውቃለን። ዴክና ካሜራ በዙሪያችን ሲበዛ የተቀረጸው ሠርግና ልቅሶ ብቻ አይደለም፤ የመስቀል ጭፈራም፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁም፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ላይኛውንና ታችኛውን ድምጽ ይዘው ሲዘፍኑም ነው። የፓሪሱ ሸክላ አንድ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ካሴት ግን ስንትና ስንት ነው። ማግኔቱ እየደከመ ነው፤ በእርጥብ አገር ያለው ሻጋታ ይይዛል፤ ጢስ ባለበት የኖረው ጥቀርሻ አለበት። ማጫወቻውም እያለቀ ነው፤ በዓለም ላይ የመጨረሻውን የቪኤችኤስ ዴክ ሲሠራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ማምረት አቁሟል። አሁን የሚሠራው ዴክ ሁሉ የተጠገነ ዴክ ነው።

ወደ ኮምፒውተር የምታስገለብጡ ከሆነ እነዚህን አትርሱ። ጠርዙ ላይ ነጭ ብናኝ የሚታይበትን ካሴት እንዲሁ አታስገቡ፤ የዴኩን ጭንቅላት አበላሽቶ ቀጣዩንም ካሴት ይበክላል፤ መጀመሪያ ይጸዳ። ንጹሑን ከማጫወት በፊት እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት። የአሜሪካውን ካሴት በመልቲ ሲስተም ዴክ፣ በኤንቲኤስሲነቱ አስገልብጡ፤ የአክስትን ሠርግ ወደ ፓል ለውጡት የሚላችሁን አትስሙት፣ ለኮምፒውተር ልዩነት የለውም። ዴኩ ኤስ ቪዲዮ ካለው በእሱ፣ ከሌለው በቢጫው ይሁን፤ ለዚህ ሥራ አሁንም ያገለግላል። የሚቀበለው መሣሪያ ላይ ያለው አረንጓዴ ሶኬት ለቢጫውም የሚያገለግል ሲሆን ዙሪያው ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ታገኙታላችሁ፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከመጣ ሶኬቱን ወይም ቅንብሩን ተሳስታችኋል ማለት ነው፣ ካሴቱ አልሞተም።

ድምጹን ደግሞ ነጩንም ቀዩንም ስኩ። ገልባጩ "አንዱ ይበቃል፣ ያው ነው" ሊላችሁ ይችላል። ካሜራው ባለ ሁለት ማይክ ከነበረ ያው አይደለም፤ አጎታችሁ የቆሙት በቀዩ በኩል ሊሆን ይችላል።